በተጠቀለለ የኒዮቢየም ቱቦ ላይ የማግኔት ሽክርክሪቶችን ስለመቆጣጠር፦ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የፊዚክስ ባለሙያዎች፣

ራዲየሱ 400 ናኖሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 50 ናኖሜትር የሆነና በርዝመቱ የተሰነጠቀ የኒዮቢየም ሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኮረንቲን ያለ ተቃውሞ የሚያስተላልፍ) ቱቦን፣ ጊዜን በሚያካትተው የጊንዝበርግ-ላንዳው እኩልታ (የሱፐርኮንዳክተርነቱ ሁኔታ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ በሚገልጸው) በኮምፒውተር እያጠናሁ ነው። የማግኔት መስኩ ለቱቦው ዘንግ ቀጤ ነክ ስለሆነ ሽክርክሪቶቹን (መስኩ ሰርጎ የሚያልፍባቸውንና ኮረንቲ የሚዞርባቸውን ጥቃቅን ስፍራዎች) የሚፈጥረው ገጹን ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ክፍሉ ብቻ ነው፤ ይህም በዙሪያው እንደ ኮሳይን እየተለዋወጠ በአንዱ ግማሽ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጌቲቭ ስለሚሆን፣ ኮረንቲው ዙሪያውን ሲፈስ የሁለቱ ግማሾች ሽክርክሪቶች በዘንጉ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ወጥ መስክ ባረፈበት ጠፍጣፋ ፊልም ላይ የማይገኘው ይህ ባሕርይ ነው ወደ ጥናቱ የሳበኝ፤ ስሌቴም እስከዚህ ድረስ በትክክል ያሳየዋል።

የተቸገርኩት ኮረንቲውን ስጨምር ነው። ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል፤ ተራርቀው ይጓዙ የነበሩት ሽክርክሪቶችም ተጠጋግተው እምብርቶቻቸው ይቀላቀሉና ሱፐርኮንዳክተርነቱ የተዳከመበት አንድ መስመር ይሠራሉ። የስሌቱን ፍርግርግ ይበልጥ ባጠብቀውም ዝላዩ አይጠፋም። ይህ መስመር እጅግ ፈጣን የሽክርክሪት ሰልፍ ነው ወይስ የፌዝ መንሸራተቻ መስመር (ሱፐርኮንዳክተርነቱ በመስመሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እየጠፋ ፌዙ የሚዘልበት)? ሁለቱንስ ከኦርደር ፓራሜትሩ (የሱፐርኮንዳክተርነቱን ጥንካሬና ፌዝ ከሚገልጸው ኮምፕሌክስ መጠን) ፌዝ ተነሥቶ እንዴት መለየት ይቻላል? እኩልታዬ የሙቀት መጠኑን ቋሚ አድርጎ ስለሚወስድ፣ ዝላዩን ከማመኔ በፊት የሙቀት ስርጭት እኩልታን አብሬ መፍታት ይኖርብኝ እንደሆነም ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።