ጎማ ሻጩ «ትንሽ ጨምሪና ዋስትና ልስጥሽ» አለኝ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የጣና ዳሯ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የሚያውቅ ሰው ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ስራዬ አሳ ማከፋፈል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ወርጄ ቀረሶና አምባዛ እረከባለሁ። ፎም ሳጥን ውስጥ በረዶ አድርጌ በቪትዜ ለስድስት ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ድረስ እሄዳለሁ። በወር አንዴ ደግሞ እናቴን ልጠይቅ ዘጌ እገባለሁ፤ ፒስታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ያለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገራችሁ። ከሐይቁ ወጥቼ ወደ ቀበሌ 14 ስታጠፍ ከፊቴ የነበረ ባጃጅ ድንገት ቆመ። እሱን ላለመግጨት ወደ ዳር ያዝኩ። ዳሩ ላይ የኮብልስቶኑ ድንጋዮች ተነቅለዋል፣ ቦዩም አፉን ከፍቷል። የፊት ቀኝ ጎማዬ እዛ ገባ። ድምፁ እንደ ጅራፍ ጮኸ። ወርጄ ሳየው የጎማው ጎን የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ውስጡ ያለው ክር እንደ ተቀደደ ጆንያ ተንጨብርሯል። በእጄ ስነካው ገና ይሞቅ ነበር።

ስኮርታ ጎማውን ሳወጣ ደግሞ አየር የለውም። አንድ የሰፈር ልጅ በባጃጅ ወስዶ አየር አስሞልቶ እስኪመልስልኝ 50 ደቂቃ ቆምኩ። በረዶው ቀለጠ። ውሃው ከሳጥኑ ስር እየወጣ የመኪናውን ምንጣፍ አራሰው። ሁለት ምግብ ቤቶች «ዛሬ ከሌላ ሰው ወስደናል» አሉኝ። የዚያን ቀን የተረፈውን አሳ በግማሽ ዋጋ ነው የሸጥኩት። ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጎሚስታ ጋ ስወስደው «ጎኑ ነው፣ አይለጠፍም» አለኝ። የቀሩት ሦስቱም አርጅተዋል፣ ስለዚህ አራቱንም ልቀይር ወሰንኩ። ልኩ 165/70 አር 14 ነው። የሄድኩበት ሱቅ አንዱን 8,000 ብር አለኝ፤ አራቱ 32,000 ማለት ነው። ከዛ ሻጩ እንዲህ አለኝ፦ «ለእያንዳንዱ ጎማ 900 ብር ከጨመርሽ የአንድ ዓመት ዋስትና እሰጥሻለሁ። እንደ ኢንሹራንስ በይው።» ሲደመር 3,600 ብር ነው።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ እዚህ ልገልብጠው። «በመደበኛ መንገድ ላይ በድንጋይ፣ በጉድጓድ ወይም በስለታም ነገር ተጎድቶ ሊጠገን ያልቻለ ጎማ፣ ከተገዛበት ዋጋ ግማሹ ከአዲስ ጎማ ሂሳብ ላይ ይቀነሳል። ሂሳቡ በቀረው ጥርስ ልክ ይሰላል። ለሚለጠፍ ቀዳዳ፣ ለጥርስ ማለቅ፣ በአየር ማነስና በአላይመንት ጉድለት ለመጣ ጉዳት አይከፈልም።»

ለመኪናዋ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። እሱስ ጎማ አይሸፍንም እንዴ? 3,600 ብር ለእኔ የሦስት ቀን ትርፍ ነው። ግን እንደ ማክሰኞ ያለ ቀን ደግሜ ማየት አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጎሚስታ ነኝ፦

እህቴ አይዞሽ። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር 11 ዓመት ጎማ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሱቁን አላውቀውም፣ ስለ ጎማው ግን ልንገርሽ።

እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው የምስማር ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው መሬት በሚነካው በኩል ከሆነ ይለጠፋል፣ አለቀ። ወረቀትሽ ለዚህ አይከፍልም። የሚከፍለው እንደ ማክሰኞው ጎኑ ሲቀደድ ነው። እስቲ አስታውሺ፤ ቪትዟን ከያዝሽ ጀምሮ ጎኑ ተቀዶ የጣልሽው ስንት ጎማ ነው?

ሂሳቡን እንየው። ጎማው ገና አዲስ እያለ ቢቀደድ ግማሹ፣ 4,000 ብር ይቀነስልሻል። የከፈልሽው 3,600 ስለሆነ 400 ብር አተረፍሽ። ጥርሱ በግማሽ ካለቀ በኋላ ቢቀደድ ግን የሚቀነስልሽ 2,000 ነው፤ 1,600 ከሰርሽ። ምንም ካልተቀደደ 3,600ው ሄደ። ሂሳቡ በደንብ እንዲያዋጣሽ በአንድ ዓመት ሁለት ጎማ መቀደድ አለበት።

አሁን ጎን ለምን እንደሚቀደድ ስሚኝ፣ ዋናው እሱ ነው። ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ በድንጋዩና በቸርኬው መሃል ይቆነጠጣል። አየሩ ልክ ከሆነ ጎማው ራሱ ምቱን ይሸከመዋል። አየሩ ካነሰ ግን ጎኑ ይታጠፋል፣ ቸርኬው ከላይ ይጫነዋል፣ ክሩ ይበጠሳል። ሁልጊዜ ወዲያው አይቀደድም። አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል አብጦ ታገኚዋለሽ። እሱን ካየሽ ሐሙሲት እንዳትሄጂበት፣ ቶሎ አስቀይሪው። ጎኑን ሰፍቼ ልስጥሽ የሚልሽ ሰውም ካለ እሺ እንዳትዪ። ነፍስ ነው።

ስንት አየር እንደሚያስፈልግ የሹፌሩን በር ስትከፍቺ ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ መጠን ነው፤ በእሱ አታስሞዪ። ጠዋት ሳትነጂ፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኪ። አሳና በረዶ ስለምትጭኚ የኋላዎቹንም ችላ አትበያቸው። አዲሶቹን ስታስገቢ አላይመንት አሠሪ፤ ቦይ የገባ መኪና ሳይስተካከል ከነዳሽው የጎማውን አንድ ዳር ብቻ ይበላዋል። ቪትዝ የሚጎትተው የፊት እግር ስለሆነ የፊቶቹ ቶሎ ያልቃሉ። በየጊዜው ከኋላዎቹ ጋር አቀያይሪያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢበት። ማክሰኞ 50 ደቂቃ ያቆመሽ ስኮርታው ነው። እሱ አየር ቢኖረው በሩብ ሰዓት ቀይረሽ ትሄጂ ነበር። 3,600 ከፍለሽ ዋስትና ብትገዢም ለአሳው የሚከፍልሽ የለም።

ሊድስ ያለሁ፦

እህቴ፣ እኔ እንግሊዝ አገር ሊድስ ነው የምኖረው። እዚህ የጎማ ኢንሹራንስ የተለመደ ነገር ነው። መኪና ስትገዢ ወይም ጎማ ስትቀይሪ ይጠይቁሻል። የእኔን ልንገርሽ።

ያገለገለ መኪና ስገዛ ሻጩ ለሦስት ዓመት 180 ፓውንድ አስከፈለኝ። በሦስቱ ዓመት ሁለቴ ነው የተጠቀምኩበት። መጀመሪያ ምስማር ገባብኝና ማስለጠፊያውን ከፈሉልኝ፤ እሱ እኮ 25 ፓውንድ ነበር። ሁለተኛው ጊዜ ጉድጓድ ገብቼ ጎኑ ተቀደደ። ደስ ብሎኝ ደወልኩ። ባለሙያው መጥቶ ጥርሱን ለካው፣ «ከ1.6 ሚሊሜትር በታች ነው፣ አንከፍልም» አለኝ። 1.6 እዚህ አገር በሕግ የተፈቀደው ዝቅተኛው ልክ ነው። ትክክል ነበሩ፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ጎማው ላይ ቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ እነሱን እኩል ሲሆን አልቋል ማለት ነው። የባሕር ዳር ጎማም ላይ አሉ፣ ፈልጊያቸው።

እዚህ አገር የሚያዋጣው ለማን መሰለሽ? ትልቅ ቸርኬና ስስ ጎማ ላለው ውድ መኪና ነው። የእነሱ አንድ ጎማ ብዙ ፓውንድ ያወጣል፣ በቀላሉም ይጎዳል። እንደ ቪትዝ ወፍራም ጎን ላለው ትንሽ መኪና ብዙ አይመከርም። እንዲያውም እኔ ያየኋቸው ውሎች ለአንድ ጎማ የሚከፈለውን ጣሪያና በዓመት ስንት ጊዜ መጠየቅ እንደሚቻል ይወስናሉ። ከመንገድ ውጭ ለደረሰ ጉዳትም አይከፍሉም።

ወረቀትሽ ላይ ያስፈራኝ «በመደበኛ መንገድ» የሚለው ነው። ኮብልስቶን መደበኛ ነው? የዘጌ ፒስታስ? ዛሬ ሻጩ በቃሉ አዎ ሊልሽ ይችላል። ጎማው የተቀደደ ቀን ግን ሱቁ ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ሳትከፍዪ በፊት ጠይቂውና በጽሁፍ ይስጥሽ።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ የተሽከርካሪ መድን ላይ ነው የሠራሁት። የሙሉ ኢንሹራንሱን ጥያቄ ልመልስልሽ።

እኔ የሠራሁባቸው የሙሉ መድን ውሎች ጎማ ብቻውን ሲጎዳ አይከፍሉም። መኪናው በአደጋ ተጎድቶ ጎማውም አብሮ ከተጎዳ ነው የሚታሰበው። ማክሰኞ ከጎማው ሌላ የፊት እግሩ ተጣሞ ወይም ባምፐሩ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ፋይል ይከፈትልሽ ነበር። ያኔም ቢሆን ከራስሽ ኪስ የምትሸፍኚው ኤክሰስ አለ። ካሳ ከጠየቅሽ ደግሞ ዓመቱን ያለ አደጋ በመጨረስሽ የምታገኚው ቅናሽ ሊቀርብሽ ይችላል። ለአንድ ጎማ ያንን ማጣት አያዋጣም። የራስሽን ውል አውጪና «አይሸፍንም» የሚለውን ክፍል አንብቢው፤ ጎማ በስሙ ተጠርቶ ታገኚዋለሽ ብዬ እገምታለሁ።

የሦስተኛ ወገኑ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ ነው። እሱ በመኪናሽ ለተጎዳ ሌላ ሰውና ንብረት ነው፤ የአንቺን ጎማ አይመለከትም።

ሱቁ የሚሸጥልሽ ወረቀት ኢንሹራንስ የሚለው ስም አያሳስትሽ። ውሉ ከሱቁ ጋር ነው። ሱቁ ቢዘጋ ወይም ቦታ ቢቀይር ወረቀቱን ይዘሽ የምትሄጂበት አይኖርሽም። ማኅተምና ፊርማ አለው ወይ? ቢያንስ እሱን አረጋግጪ።

የጣና ዳሯ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉት ውሌን አውጥቼ አነበብኩት። ጎማ በስሙ ተጠርቷል፤ ልክ እርስዎ እንደጻፉት ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነበብኩትም ነበር።

ወንድሜ ጎሚስታው፣ ጥያቄህን ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። በአራት ዓመት ጎኑ ተቀዶ የጣልኩት ሁለት ነው። አንዱ የማክሰኞው ነው። ሌላው ከሁለት ዓመት በፊት እንግዶች ጢስ ዓባይ ይዤ ስሄድ ፒስታው ላይ ድንጋይ የቀደደው ነው። በየዓመቱ 3,600 ብከፍል ኖሮ 14,400 ብር ይሆናል። በዛሬው ዋጋ የሚመለስልኝ ቢበዛ 8,000 ነው፣ እሱም ሁለቱም አዲስ ከሆኑ።

ዛሬ ከሰዓት ወደ ሱቁ ሄድኩ። የሊድሱ ወንድሜ እንዳልከው «መደበኛ መንገድ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሻጩ አልደበቀኝም። «አስፋልትና ኮብልስቶን ነው፤ ፒስታ አይገባም» አለኝ። ጻፍልኝ ስለው ወረቀቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ። ስለዚህ የጢስ ዓባዩ ጎማ አይከፈልበትም ነበር። ዘጌም አይገባም። ለአራት ዓመት 14,400 ከፍዬ ለአንድ ጎማ 4,000 ማለት ነው።

ዋስትናውን ተውኩት። ጎማዎቹን ግን እሱ ጋ ገዛሁ፣ እውነቱን ስለነገረኝ። 3,600ውን ለአስራ ሁለት ስከፍለው በወር 300 ብር ነው። ቴሌብር ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ፣ የጎማ ብዬ። ዓመት ሞልቶ ምንም ካልተቀደደ ብሩ የእኔው ነው። ከዚህ ወር ብር ላይ ግን የአየር መለኪያ ገዛሁበት። አላይመንቱን ለነገ ጠዋት ቀጠሮ ይዣለሁ።

ጎሚስታ ነኝ፦

ጥሩ አድርገሻል። ገና ካልተገጠሙ ግን አንድ ነገር እይ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (በእንግሊዝኛ ፊደል DOT) ከሚለው ጽሁፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራበት ዓመት ናቸው። በአንዱ ጎን ካጣሽው በሌላው ጎን ነው ያለው። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል። በስልክሽ መብራት አብሪና አንብቢው።

የጣና ዳሯ፦

አሁን ከመኪናዋ ኋላ ሆኜ ነው የምጽፈው። አንድ በአንድ አበራሁባቸው። ሦስቱ 0924 ይላሉ። አራተኛው 1819 ነው። ከሌሎቹ አምስት ዓመት ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ጣቴን ጎኑ ላይ ሳሳልፈው ደቃቅ ስንጥቆች ይሰማሉ፤ እንደ ደረቀ ጭቃ ነው። ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት። ወዲያው ደወለልኝ። «ጠዋት ሱቅ ስከፍት አምጪው፣ እቀይርልሻለሁ» ብሏል። አሳዬን አድርሼ ሦስት ሰዓት ላይ እዛ ነኝ።