የጦርነት ፊልም ልንቀርጽ ነው፤ እንዳያስቅብን ምን እናድርግ?

የኮዬው ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ? ቅዳሜ ማታ እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን አንድ ትርጉም የጦርነት ፊልም አየን። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኩስ ነው። ጀግናው ብቻውን አንድ መንደር ወታደር ጨረሰ፤ ፀጉሩ እንኳ አልተበላሸም። የልብ ጓደኛው እቅፉ ላይ ሲሞት እኛ «ይሄ ደግሞ ማን ነበር?» እየተባባልን ነው። በሳቅ አለቅን።
ሳቁ ግን ለኛም አይቀርም። በሚቀጥለው ወር ከሰፈሩ ጀርባ ሜዳው ላይ የ10 ደቂቃ ፊልም ልንቀርጽ ነው። አምስት ልጆች፣ አንድ ካሜራ፣ ሦስት የእንጨት ክላሽ። ታሪኩ ስለተከበቡ ወታደሮች ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ጥይት ቁጠሩ። የክላሽ ካዝና 30 ጥይት ነው የሚይዘው። አውቶማቲክ ላይ አድርገህ ከለቀቅከው በሦስት ሰከንድ ባዶ ነው። ያ ጀግና አንድ ደቂቃ ሙሉ ከየት አምጥቶ ተኮሰ? እኔ በ1970 ካራማራ ላይ ነበርኩ። የተከበበ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚተኩሰው። ካዝናውን አውጥቶ በእጁ ይመዝናል፣ ምን ያህል እንደቀረው። ይህን አሳዩ። ውሃም አለ፤ የጓደኛህን ኮዳ ነቅንቀህ ድምፅ ስታጣ የሚሰማህን ነገር ፊልም ላይ አይቼው አላውቅም።

ድምፅ ሠራተኛ፦
ከሩቅ የሚፈነዳ ነገር ካላችሁ እሳቱንና ድምፁን አንድ ላይ አታስገቡ። ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ነው የሚሄደው። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የፈነዳ ቦምብ ድምፁ የሚደርሰው ከሦስት ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ካላመንክ እዛው ሰፈራችሁ ሕንጻ የሚሠሩትን ከሩቅ እይ፤ መዶሻው አርፎ ነው «ጧ» የሚለው። በነዚያ ሦስት ሰከንዶች የልጆቹን ፊት ቅረጹ። ደግሞ በናታችሁ፣ ሙዚቃ አታብዙ።

የሜሪ እናት፦
እኔ ስለ ጠመንጃ አላውቅም፤ «ማን ነበር?» ያላችሁት ነው የገረመኝ። ከመሞቱ በፊት ስላላስተዋወቋችሁ ነዋ! አምስቱንም ለዩልን። አንዱ ጫማው ይጥበበው። አንዱ የተበደረውን 50 ብር ሳይመልስ ይሙት፤ አበዳሪው አጠገቡ ይሁን። ንግግር አታብዙ፣ «ለእናቴ ንገሩልኝ» የሚባለውን ደግሞ ጨርሶ ተዉት።

ቱሉ ዲምቱ፦
ሁሉም ጥሩ ነው፤ ፈቃድስ? የእንጨት ክላሽ ከሩቅ እንጨት አይመስልም። አስቀድማችሁ ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን በደብዳቤ አሳውቁ፤ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ኪሳችሁ ያዙ። ጎረቤትም ይወቅ። የመከላከያ ዩኒፎርም እንዳትለብሱ፤ አሮጌ ካኪ ይበቃል። ርችት የሚባል ነገር ደግሞ አታስቡት።

የኮዬው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን! 50 ብሯን ወስደናል። ጋሼ፣ ተኩሱን ከአራት ገጽ ወደ ግማሽ ገጽ አወረድነው። ደብዳቤውን ሰኞ እናስገባለን። ኮዳ ግን ከየት ይገኛል? እኛ ያሰብነው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነበር።

ጡረተኛው፦
ፕላስቲክ? እንዳታደርጉት! የኔ አለ፤ ክዳኑ ብቻ ነው የጠፋው። መጥታችሁ ውሰዱ፣ ግን መልሱ።