የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስብ ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ነኝ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ። ባለፈው የቅሬ (የእድር) ስብሰባ ላይ "ለወጣቶቹ አንድ ነገር ይደረግ" ተባለና ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። አብዛኞቹ 12ኛን ተፈትነው ማለፊያ ያላመጡ ናቸው። ኮሌጅ ገብተው ያቋረጡም አሉ፣ ባጃጅ የሚነዱም አሉ። ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፈው ስልክ ላይ ናቸው፣ ካልሆነም ጫት ላይ። ክፉ ልጆች አይደሉም። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ውጪ ግን ማንም አይፈልጋቸውም፣ እነሱም ይህንን ያውቁታል።

የቅሬያችን ዳኛ (ሰብሳቢው) ከአዲስ አበባ አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ሰው እናምጣ ይላሉ። አበሉም አዳራሹም ከቅሬው ሣጥን ሊወጣ ነው። እኔ ልቤ አልተቀበለውም፣ ግን በምትኩ ምን እናድርግ ብባል መልስ የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት የምንሰበሰብበት አንድ ክፍል ቀበሌው ፈቅዶልናል። ጥያቄዬ፣ መምራትን እንዲለማመዱ፣ "ምን ልሁን፣ ለምን ልኑር" ለሚለውም የራሳቸውን መልስ እንዲያገኙ በተግባር ምን ይደረጋል? በእጁ የሠራበት ሰው ይንገረኝ። ጥቅስ አትላኩልኝ በአላህ።

የሚኒ ሚዲያው መምህር
አነቃቂውን ተወው። ሁለት ሰዓት ይጨበጨብለታል፣ ሰኞ ልጆቹ ያው ግድግዳው ጋ ናቸው።

ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ አትሰብስብ። ሃያ ምናምን ልጅ አንድ ላይ ሲቀመጥ ሦስቱ ያወራሉ፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ስድስት ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሰባት አድርገህ ክፈላቸው። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ስካውት የሚባለውን የወጣቶች ንቅናቄ የመሠረተው ቤደን ፓወል በ1907 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆች ይዞ የመጀመሪያውን የስካውት ካምፕ ሲያደርግ በአራት ቡድን ከፍሎ ለእያንዳንዱ ከልጆቹ መሃል መሪ ሾመለት። ስካውት ዛሬም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ትንሽ ቡድን ውስጥ መደበቂያ የለም።

መሪው በየወሩ ይቀየር። እና "መሪ ሁን" ብለህ አትተወው፣ ምን እንደሚሠራ ንገረው። ስብሰባ መኖሩን አስቀድሞ ይናገራል፣ አጀንዳ ይይዛል፣ ዝም ያለውን "አንተስ?" ይላል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል። ሌላው ልጅ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሲያልቅ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ምን ጥሩ ሄደ፣ ለቀጣይ ምን ይቀየር በሉ። ሰው መምራት የሚማረው ያችን አሥር ደቂቃ ላይ ነው፣ አብዛኛው ሰው ግን ቸኩሎ የሚዘላት እሷን ነው።

እኛ ጋ ስሙ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ለማለት የሚፈራ ልጅ ነበር። ማይክ ብንሰጠው ይሸሽ ነበር። የማጉያውንና የሽቦውን ኃላፊነት ሰጠነው። ሁለተኛው ወር ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሽቦ ረግጦ ሲያልፍ "ወንድም፣ በዚህ በኩል" ብሎ አስቆመው። ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያኔ ነው ብል አላጋነንኩም።

ሸዋ በር 07
ይቅርታ ግን ሥራ የሌለው ልጅ ቃለ ጉባኤ ምን ያደርግለታል? ሆዱን ሳትሞላ ዓላማ ዓላማ ትሉታላችሁ። ደግሞ ወጣት ሲሰበሰብ መጨረሻው ይታወቃል፣ ቲሸርት ይለብሳል፣ ባነር ይይዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይበተናል።

የሚኒ ሚዲያው መምህር
@ሸዋ በር 07 የቲሸርቱ ነገር እውነትህን ነው። ሮጀር ሃርት የሚባል ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. ለዩኒሴፍ በጻፈው ላይ የወጣት ተሳትፎን ስምንት እርከን ባለው መሰላል ያሳያል። ታች ያሉት ሦስቱ፣ መጠቀሚያ ማድረግ፣ ማስጌጫ ማድረግ፣ ለይስሙላ መጥራት፣ ተሳትፎ ተብለው አይቆጠሩም። ከላይ ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ያሰቡትን ከአዋቂ ጋር ተመካክረው የሚወስኑባቸው ናቸው። ስለዚህ ጠያቂው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልታደርጉ ስትሉ "ማን ወሰነው?" ብለህ ጠይቅ። ሁልጊዜ መልሱ አንተ ወይ ዳኛው ከሆነ ልጆቹ ማስጌጫ ናቸው።

የኮምቦልቻው መካኒክ
ሥራ የለም ለሚለው እኔ ልመልስ። ሥራ ጠፍቶ ብቻ አይደለም፣ ልጆቹ ሥራ አይተው አያውቁም። ሐኪም፣ መምህር፣ ሹፌር፣ ሱቅ ያውቃሉ፣ አለቀ። ኮምቦልቻ ከእናንተ ሐረጎን ወርዶ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ጨርቃ ጨርቁ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት የቆየ ነው። ጥገናውን፣ መጋዘኑን፣ የጥራት ቁጥጥሩን፣ ቦይለሩን የሚይዘው ሰው አለ። እዚያ ውስጥ ስንት ዓይነት ሙያ እንዳለ የደሴ ልጅ አይነግርህም።

ግን በአውቶቡስ ጭነህ አታስጎብኝ። ጉብኝት ፎቶ ነው። ሁለት ሁለት ልጅ አንድ ባለሙያ ጋ ሙሉ ቀን ይዋል። ጋራዥ፣ ብየዳ፣ ፋርማሲ፣ ዳቦ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ የትም። እኔ ጋ ላካቸው፣ ቱታ ይልበሱ፣ ዘይት ይንካቸው። ማታ ሲመለሱ "ወደድከው?" አትበል፣ ሁሉም "አዎ" ነው የሚልህ። ሰዓቱ የሮጠብህ ምን ስትሠራ ነው፣ የሰለቸህስ የቱ ጋ ነው፣ ያ ሰውዬ ነገ ባይመጣ ማን ይቸገራል ብለህ ጠይቀው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ዝም የሚል ልጅ ታያለህ። አትቸኩልበት።

ሀያት ከሰኞ ገበያ
ሁላችሁም "ልጆቹ" ስትሉ ወንዶቹን ነው የምታስቡት፣ ተሳሳትኩ? ጠያቂው ራሱ የጻፈው ግድግዳ ስለተደገፉት ነው። ሴቶቹ ግድግዳ አይደገፉም፣ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ስለዚህ አይታዩም። ቅዳሜ ጠዋት ካልክ ደግሞ ጭራሽ አይመጡም። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አለ፣ ገበያ አለ፣ እናት ብቻዋን አትተውም። እሑድ ከሰዓት አድርገው፣ ሳይመሽ ይለቀቁ፣ ከመጀመሪያው በፊትም እናቶቹን ቤት ድረስ ሄደህ አናግር። ብቻህን እንዳትሄድ፣ የቅሬ ሴት አንዷን ይዘህ።

ሌላው፣ ሴት ስትመጣ ወዲያው ጸሐፊ ትሆናለች፣ ወይ ቡና ታፈላለች። ጽሑፏ ያምራል ተብሎ። ወላሂ እኔ ከማኅበር ማኅበር ስጽፍ ነው የኖርኩት፣ አንድ ቀን ስብሰባ ምሪ ያለኝ የለም። መምህሩ ያለውን የወር ተራ በዕጣ አድርጉት፣ ቡናውንም በተራ። ወንዶቹ ያፍሉ፣ ቢያሳርሩትም ይጠጣል።

የቅሬ ዳኛ ነበርኩ
ልጄ፣ ቅሬው ራሱ ትምህርት ቤት ነው፣ አነቃቂ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። ድንኳን የሚተክሉት እነሱ ናቸው ብለሃል። ማን ያዛቸዋል? እኛ ሽማግሎቹ። እስቲ የዕቃ ቤቱን ለእነሱ ልቀቁላቸው። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱን፣ ሲኒውን። ቆጥረው ይረከቡ፣ በመዝገብ ያስፈርሙ፣ ሲመለስ ቆጥረው ይቀበሉ። ለቅሶ ቤት አርባ ብርጭቆ ወጥቶ ሠላሳ አራት ሲመለስ ሐዘንተኛውን ሳያስከፉ እንዴት እንደሚጠይቁ ይወቁበት። ይቺ ቀላል ነገር አይደለችም፣ ብዙ አዋቂ ያቅተዋል።

ወሎ ውስጥ አበጋር የምንላቸው ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ ፊት ነገር ሲታይ ብዙውን ሰዓት የሚወስደው ማድመጥ ነው። የገዳይ ወገን ይናገራል፣ የሟች ወገን ይናገራል፣ አይቋረጥም። ልጆቹን አንድ ቀን የሽምግልና ወግ የሚያውቅ ሰው ፊት አስቀምጧቸው። መምራት ጮሆ መናገር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ብርም ስጧቸው። ትንሽ ይሁን፣ ግን የእነሱ ይሁን። ሦስት ፈራሚ፣ ደረሰኝ፣ በየወሩ ለቅሬው ሪፖርት። ለአነቃቂው አበል ልታወጡ የነበረውን ማለት ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ጠያቂ)
አባባ ዕድሜ ይስጥልን። እርስዎ ያሉትን ለዳኛችን አነባለሁ፣ እኔ ብላቸው አይሰሙኝም። ሀያት እህቴ፣ ወደ እሑድ ቀይሬዋለሁ፣ ቀበሌውንም አስፈቅዳለሁ። ግን አንድ የከበደኝ ነገር አለ። አንዳንዶቹ ተስፋ የቆረጡ ናቸው። "እኔ ወድቄያለሁ፣ ምን ዓላማ ትለኛለህ" የሚሉ። እነሱን ምን ልበላቸው?

ካውንስለር ነኝ
መጀመሪያ ቁጥሩን ንገራቸው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው። በ2014ም 3.3 ነበር፣ በ2016 5.4። ከመቶ ዘጠና ምናምኑ የቀረበትን ነገር "የኔ ስንፍና" ብሎ ብቻውን ተሸክሞ መቀመጥ የለበትም። ይሄንን በወረቀት ጽፈህ ስታሳየው የሚቀልለው ልጅ አለ።

ሁለተኛ፣ ዓላማ ያላገኘ ወጣት የተበላሸ ወጣት አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዊልያም ዴመን አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን አጥንቶ ጥርት ያለ ዓላማ ይዘው ያገኛቸው ከአምስት አንዱን ያህል ነው። እሱ ዓላማ የሚለው ደግሞ ለራስህ ትርጉም ያለው፣ ከራስህ አልፎም ለሌላው የሚጠቅም የረጅም ጊዜ ግብ ነው። ስለዚህ ልጁን አስቀምጠህ "ራዕይህ ምንድነው?" ካልከው የሆነ ነገር ፈጥሮ ይነግርሃል፣ ዶክተር እሆናለሁ ይልሃል። ይልቅ ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደሚያናድደው ጠይቀው። ጨለማው መንገድ ነው? ዝናብ ሲመጣ የሚዘጋው ቦይ ነው? ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ ጣሪያ ነው? ከዚያ አንዷን መርጦ ከቡድኑ ጋር ይጀምር።

ሦስተኛው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። በ2014 በጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ያለፉበትን ሁላችንም እናውቃለን። እንቅልፍ የማይወስደው፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ከሰው የራቀ፣ "ብሞት ይሻለኛል" የሚል ልጅ ካየህ ያ የአመራር ሥልጠና ጉዳይ አይደለም። አትምከረው፣ አብረኸው ሐኪም ቤት ሂድ። ጫቱንም አትስበክበት፣ ከሰዓት በኋላውን የሚሞላ ነገር ስጠው።

ሸዋ በር 07
እሺ፣ ተቃውሞዬን ግማሹን አነሳሁ። የእማማ ጣሪያ ከሆነ እኔም ሚስማርና መዶሻ ይዤ እመጣለሁ። ግን ፎቶ አልነሳም።

የኮምቦልቻው መካኒክ
@ሸዋ በር 07 አብሽር፣ ፎቶ የለም። ጠያቂው፣ ሁለት ልጅ ለመጀመሪያው ሳምንት እቀበላለሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። የሚኒባሱን ለራሳቸው ይክፈሉ ወይ ከቡድኑ ብር ይውጣ፣ እሱን እነሱ ይወስኑ። አንዷ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል።

የቅሬ ዳኛ ነበርኩ
አንድ ረስቼ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ልጅ ጋ ብቻ እንዳይሆን። ለቅሶ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ልጁ ስልኩን አጥፍቶ ቢተኛ ሰፈሩ ሁሉ በእሱ ያዝናል። ሁለት ይቀረጽና አንዱ ቤቷ ቅርብ የሆነች ልጅ ጋ ይሁን። ጣሪያውንም ከሐምሌ በፊት ጨርሱ፣ የደሴን ዝናብ ታውቁታላችሁ።