ለሽብር የዋለ ሐሰተኛ መታወቂያ፦ ቅጣቱ ይክበድ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ አሜሪካ ውስጥ በኋላ ለሽብር የዋለ መታወቂያ በማጭበርበር ያወጣ ወይም የፈረመ ሰው አሁን ካለው በላይ ይቀጣ?

ዳዊት፦ ይቀጣ! ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት አውሮፕላን ጠላፊዎች ሰባቱ የቨርጂኒያ መታወቂያ ያወጡት በሐሰት የነዋሪነት ማረጋገጫ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2001 ሁለቱ ለአንድ መንገድ ላይ ለተገኘ ሰው ከፍለው ፎርም አስፈረሙ። በማግስቱ እነሱው “ነዋሪ” ሆነው ለጓደኞቻቸው ፈረሙ። የፈረሙላቸው ሰዎች የተፈረደባቸው ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ሰላም፦ ወንድሜ፣ ሕጉ ዓመት አላነሰውም። የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 1028 ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ለሠራ እስከ 15 ዓመት፣ ሽብርን ለማመቻቸት ከሆነ እስከ 30 ዓመት ያስቀጣል። ፓስፖርት ላይ እስከ 25 ይደርሳል። በ2004 የወጣው 1028ሀ ደግሞ በሽብር ወንጀል የሌላን ሰው ማንነት ለተጠቀመ 5 ዓመት በዋናው ቅጣት ላይ ይደምራል፤ በገደብ መለቀቅም የለም። ፈራሚዎቹ የቀለለላቸው ሴራውን ስለማያውቁ ነው። 30ውን 50 ብታደርገው ያንን አይለውጥም።

ማርታ፦ ቀዳዳው እዚያው ላይ ነው። “ለማመቻቸት” የሚለው ቃል ዓላማን ይጠይቃል፤ የደላላ ዓላማ ግን ብር ብቻ ነው። ገዢው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፣ እንዳያውቅም ይጠነቀቃል። ስለዚህ መነካት ያለበት የወንጀሉ ሞራላዊ ፍሬ ነገር፣ ማለትም የአድራጊው ዕውቀትና ሐሳብ ነው፦ ሆን ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ሻጭም ይጠየቅ።

ሰላም፦ “ዓይኑን የጨፈነ” ስንል ማን እንደሚገባበት እንይ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፍሎሬስ-ፊጌሮአ ጉዳይ በ1028ሀ ለመቅጣት ተከሳሹ የተጠቀመበት የመታወቂያ ቁጥር የእውነተኛ ሰው መሆኑን ማወቁ ይረጋገጥ ብሏል። ተከሳሹ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ አሸባሪ አልነበረም። አሜሪካ ያለው የኛ ሰውም አዲስ ለመጣ ዘመዱ “እኔ ጋ ይኖራል” ብሎ ይፈርማል፤ ዘመድየው በወሩ ቤት ቢቀይር እሱን ምን ልንለው ነው?

ማርታ፦ እሱን አልነካም። ለማያውቀው ሰው ሁሉ በገንዘብ የሚፈርመውን ነው የምለው፤ ሕጉ ሽያጭን ከዝምድና ይለይ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ቅጣት ካልከበደ በሩን ማን ይዘጋው?

ሰላም፦ አሠራር። ያ የቨርጂኒያ የነዋሪነት ፎርም ከጥቃቱ በኋላ ወዲያው ቀረ። በ2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ለማውጣት የማንነት ሰነድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ሁለት የአድራሻ ማስረጃ ይጠይቃል። የሚያሳዝነው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ግዴታ የሆነው ሜይ 7 ቀን 2025 መሆኑ ነው፤ ሃያ ዓመት!

ማርታ፦ ሪል አይዲም ጉቦ ለበላ የመስኮት ሠራተኛ መልስ የለውም። እሱ የሚያወጣው ካርድ ወረቀቱም ማኅተሙም እውነተኛ ነው፤ መዝገብ ውስጥም ስላለ ስካነር አይይዘውም። ቅጣት መጨመር ካለበት ከእሱ ይጀመር።