አስቸኳይ!! አድሚን የሌለው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሰው እንዴት ይባረራል?

ቢኒ (ጠያቂ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 5 ሰዓት
ሰላም ቤቶች። ቶሎ እርዱኝ። 212 ወጣት የካንሰር ታማሚዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንድ ቅጠል ሻጭ ገብቶ ከጠዋት ጀምሮ እየለጠፈ ነው። «በ21 ቀን ከነሥሩ ይነቅላል፣ ኬሞውን አቁሙ፣ የሚገድላችሁ እሱ ነው» ይላል። 4,500 ብር። የድምፅ መልእክትም ይልካል። እኔ አድሚን አይደለሁም፣ ሌላም አድሚን የለም። እንዴት ላስወጣው? አንዲት የ19 ዓመት ልጅ አሁን «የሐሙሱን ኬሞ እተወዋለሁ በቃ» ብላ ጻፈች። ከሐሙስ በፊት መላ ካልተገኘ አለቀልን።

ዳኒ ኮምፒውተር
አድሚኑን አናግረው። ስሙን ነክቶ ማስወጣት ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሚሚ ሾላ
ሪፖርት አድርጉት። መልእክቱን ነካ ስታደርገው፣ አይፎን ከሆነ ተጭነህ ስትይዘው ይመጣልሃል። ደግሞ 4,500 ለቅጠል? በዚህ ብር የሾላን ጎመን ሙልጭ አድርጌ ገዝቼ እመለስ ነበር።

ጋሽ ተሾመ
ልጆች፣ ይሄ የሥርዓት ጉድለት ነው። እድር እንኳ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ዳኛው ቢታመም ጸሐፊው ይሰበስባል። እናንተ 212 ሰው ሰብስባችሁ ቁልፉን ለአንድ ሰው ሰጣችሁ። የዘመኑ ልጅ መክፈት ይወዳል፣ ማደራጀት አይወድም። ለመሆኑ አድሚኑ የት ሄዶ ነው?

ቢኒ
ልክ ነዎት ጋሼ። አድሚኗ አርፋለች። አርባዋ ትናንት ወጣ። መጀመሪያ መናገር ነበረብኝ፣ ጭንቅላቴ አልሠራ ብሎ ነው።

ዳኒ ኮምፒውተር
ውይ። ይቅርታ ወንድሜ። ነፍሷን ይማር።

ሚሚ ሾላ
ነፍስ ይማር። ስለ ጎመኑም ይቅርታ።

እውነቱ ይነገር
ነፍስ ይማር፣ ግን ለምን ታባርሩታላችሁ? አክስቴ በቅጠል ነው የዳነችው። ደግሞስ የታመመ ወጣት ቴሌግራም ላይ ምን ይሠራል? ሐኪም አለ፣ ጸበል አለ፣ ቤተሰብ አለ።

ቢኒ
አክስትህን እግዜር ጤናዋን ያቆይላት። ግን ካንሰር ነበረባት ወይ? እኔ በ24 ዓመቴ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው ተባልኩ። ቤተሰቤ ለጎረቤት «እጢ ነው» አለ። ጥቁር አንበሳ የኬሞ ወረፋ ላይ ስቀመጥ ዙሪያዬን ያሉት በሙሉ የእናቴ እኩዮች ነበሩ። ከዚያ አድሚኗ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ቀዩን መድኃኒት ነው የምትወስደው? ዛሬ ሽንትህ ቀይ ሲሆን ደም ነው ብለህ ሰፈሩን እንዳትቀሰቅስ» አለችኝ። ግሩፑን የዚያን ሳምንት ለሰባት ሆነን ከፈትነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚያስመልሰው ሰው ይጽፋል፣ እንቅልፍ የነሳው ሌላ ሰው ይመልሳል። ፀጉሬ ሲረግፍ ሥራ ቦታ ምን ልበል? እጮኛዬ ጠፋ። ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ? ይሄን እናትህን ቀስቅሰህ አትጠይቅም።

የለንደኗ
እዚህ ከ13 እስከ 24 ዓመት ላሉ ታማሚዎች ሆስፒታል ውስጥ ለብቻቸው ክፍል አለ። ቲንኤጅ ካንሰር ትረስት የሚባል ድርጅት ነው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ይሄን የሚሠራው። ወጣት ከእኩዮቹ ጋር ሲታከም ይሻላል ብለው ነው። ቢኒ፣ እናንተ ያንን በስልክ ነው የሠራችሁት፣ ማንንም ማስፈቀድ የለባችሁም።

ሲስተር
የካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ግሩፑ ይቆይና ስለ ልጅቷ ልናገር። እንዳንተ ሆጅኪን ከሆነች ብዙ ሰው የሚድንበት ዓይነት ነው፣ በየ15 ቀኑ የሚሰጠውን ማቋረጥ ነው ጣጣው። ቅጠሉ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፣ ከመድኃኒቱም ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይሄን ግን አሁን አትስበክላት። ደውልና «ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ ዝም በል። ሰው ቅጠል ስላመነ ብቻ አይቀርም። ትራንስፖርት አጥቶ ይሆናል። ያለፈው ማስመለስ አስመርሮት ይሆናል፣ ለዚያ የሚሰጣት መድኃኒት ይቀየራል። ብር ከሆነ ደግሞ ማቴዎስ ወንዱ የካንሰር ማኅበር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች ናቸው ያቋቋሙት። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ግን ሐሙስን አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ።

ኤርሚ
ሪፖርት አድርጉት ሁላችሁም፣ ቴሌግራም ራሱ ያጠፋዋል።

ሚሚ ሾላ
ኤርሚዬ፣ እሱን ብያለሁ እኮ።

ዳኒ ኮምፒውተር
ቢኒ፣ ላፕቶፕ ነበራት? ቴሌግራሟ እዚያ ላይ ክፍት ከሆነ ስልኩን አትፈልገውም። ከላፕቶፑ አንተን አድሚን ማድረግ ይቻላል፣ ፓስወርድ አይጠይቅም። ፓስወርድ የሚጠይቀው ባለቤትነቱን ላስተላልፍ ስትል ነው። እግረ መንገድህን ሌላ ሁለት ሰው አድሚን አድርግ። ጋሽ ተሾመ እንዳሉት ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኑራችሁ። ሲም ካርዷንም አትጣሉ፣ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።

ቢኒ
ላፕቶፑ ወንድሟ ጋር ነው። ስልኳ እናቷ ጋር ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ መክፈቻውን የሚያውቅ የለም፣ ግን እማማ ማታ ማታ ቻርጅ ይሰኩታል። እኛ ስንጽፍ ይበራል። «ጓደኞቿ ናቸው» ይላሉ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲያበራው የዋለው ያ ቅጠል ሻጭ ነው። አሁን ምን ብዬ ነው ሄጄ የልጅዎን ቴሌግራም ልክፈት የምለው?

ጋሽ ተሾመ
ልጄ፣ ቡና ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ስለሷ ተጫወቱ። ከዚያ እናትየውን አስፈቅድ። ላፕቶፑን ወንድሟ ራሱ ይክፈተው፣ አንተ አትንካ። የግል መልእክቷን ማንም እንዳያነብ ቀድመህ ተናገር። እምቢ ካሉ እምቢ ነው።

ዳኒ ኮምፒውተር
እምቢ ካሉ አዲስ ግሩፕ ክፈቱ። ሊንኩን ግን አሮጌው ላይ እንዳትለጥፉት፣ ሰውዬው ተከትሏችሁ ይገባል። በውስጥ መስመር አንድ በአንድ ላኩ። ብቻህን ለ200 ሰው ከላክህ ቴሌግራም አንተኑ ስፓም ብሎ ሊያግድህ ይችላል፣ ተከፋፈሉት።

ቢኒ
አሮጌው ውስጥ ድምጿ አለ። እሱስ?

ዳኒ ኮምፒውተር
በኮምፒውተር ግሩፑን ክፈት፣ ከላይ ሦስት ነጥብ አለ፣ ኤክስፖርት በል። ድምፅ የሚለውን ምረጥ። ይወርድልሃል።

ቢኒ፣ ረቡዕ ጠዋት
ለልጅቷ ደወልኩ። ስለ ቅጠሉ አንድም ቃል አላነሳችም። ከባህር ዳር ነው የመጣችው፣ የአልጋ ኪራይ ሁለት ሳምንት አልከፈለችም፣ አከራይዋ ትናንት ዕቃዋን በር ላይ አወጣባት። ትንሽ አዋጣን። ሐሙስ ይዣት እመጣለሁ ሲስተር። አሁን ቡና ገዝቼ ወደ እማማ እየሄድኩ ነው።

ሲስተር
2 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል በር ላይ ነኝ። ነጭ ሹራብ ለብሻለሁ።

ናቲ 07፣ ሐሙስ
አድሚኗን አናግራት ወንድም፣ ቀላል ነው።

ሲስተር፣ ሐሙስ ከቀኑ 7 ሰዓት
ቢኒ፣ እስከ 4 ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ሥራ ጠራኝ። በየትኛው በር ነው የገባችሁት?