ትራይተን ጀልባ ልገዛ ነበር፣ ወለሉ ሲረገጥ ገባ ይላል። ልተወው?

የቼሳፒክ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አናፖሊስ አካባቢ በ1962 የተሠራ ፒርሰን ትራይተን የሸራ ጀልባ አይቼ ልቤ እዚያው ቀረ። ዋጋው ከአሮጌ መኪና አይበልጥም። ቅዳሜ ላዩ ላይ ወጥቼ የሸራው ምሰሶ አጠገብ ስረግጥ ግን የላዩ ወለል እንደ እርጥብ ካርቶን ገባ አለ፣ ከአንዱ ብሎን ሥርም ቡናማ ውሃ ብቅ አለ። ቅርፁም ግራ አጋብቶኛል። 28 ጫማ ተኩል ተብሎ ውስጡ ለምን እንዲህ ጠበበ? 60 ዓመት ያለፈው ፋይበርግላስስ (በመስታወት ክር የጠነከረው ፕላስቲክ) ይታመናል? ባለቤቴ "ልጆቹን ይዘህ አትወጣም" ብላለች።

ባለ_ረጅም_ኪል፦
ወንድሜ፣ ቦዲውን አትፍራው። ያኔ ፋይበርግላስ ለጀልባ ገና አዲስ ስለነበር ወፍራም አድርገው ነው የደረቡት። ንድፉ የካርል አልበርግ ነው፣ በ1959 ኒው ዮርክ የጀልባ ትርኢት ላይ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ቀርቦ ከዚያ 700 ያህል ተሠርቷል።

ቅርፁን በተመለከተ፣ አፍንጫውና ኋላው ከውሃው በላይ ተንጠልጥለው ነው የሚቀሩት። ቀጥ ብሎ ሲቆም ውሃው ላይ የሚያርፈው 20 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። የዚያ ዘመን የውድድር ደንብ የሚለካው እሱን ስለነበር ንድፍ አውጪዎቹ ያሳጥሩት ነበር፤ ነፋስ መትቶት ሲያጋድል ግን የተንጠለጠለው ክፍል ውሃ ይነካና ጀልባው ይረዝማል፣ ፍጥነትም ይጨምራል። ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ያጋድላል። መጀመሪያ ቀን ባለቤትህ ትደነግጣለች፣ ንገራት። ትንሽ ካጋደለ በኋላ ግን ከሥር ያለው 3,000 ፓውንድ ገደማ ክብደት ይይዘዋል፣ ከዚያ በላይ በቀላሉ አያጋድልም። መሪው ደግሞ ከረጅሙ ኪል (ከጀልባው ሥር ወደ ውሃው ከወረደው ክፍል) ኋላ ተጣብቋል፣ ስለዚህ እናንተ ጋ የሞላው የሸርጣን ወጥመድ ገመድ እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አይጠመጠምበትም። ወደ ኋላ ስትነዳው ግን አይታዘዝም፣ ማቆሚያ ቦታ ላይ ቀስ በል።

አሸዋ_ወረቀት፦
ቦዲው ላይ እስማማለሁ፣ ወለሉን ግን አትናቀው። ሁለት ስስ ፋይበርግላስ ነው፣ መሀሉ የባልሳ እንጨት። በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ያየኸው ቡናማ ውሃ እሱ ነው። የፕላስቲክ መዶሻና ጠመኔ ይዘህ ተመለስ። በየመዳፉ ርቀት ምታ። ደህናው ቷ ይላል፣ የበሰበሰው ዱፍ። ዱፍ ያለውን ሁሉ በጠመኔ ክበበው፤ እኔ የራሴን ከብቤ ስጨርስ ከምሰሶው እስከ አፍንጫው ነጭ ሆኖ ነበር።

ከዚያ ውስጥ ግባ። ትራይተን ላይ ምሰሶው ወለሉ ላይ ነው የቆመው፣ ሸክሙን የሚችለው ከሥሩ ያለው የእንጨት አግዳሚ ነው። አግዳሚውን በካቻቪቴ ወጋ አድርገው። ከገባልህ ወይም ላዩ ላይ ወለሉ ጎድጉዶ ካየህ ዋጋውን በደንብ አስቀንስ፣ አለዚያ ተወው። እኔ የላዩን ቆዳ ቆርጬ፣ የበሰበሰውን በመሮ አውጥቼ፣ አድርቄ፣ አዲስ ባልሳ በኢፖክሲ ማጣበቂያ እስክለጥፍ ድረስ አንድ ሙሉ በጋ ፈጅቶብኛል። ወጪውም ከጀልባው ዋጋ በልጧል። ጭምብል ሳታደርግ ፋይበርግላሱን እንዳትፈጭ።

የቼሳፒክ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ መዶሻ ይዤ እሄዳለሁ። ሞተሩ አቶሚክ ፎር ነው ብሎኛል ሻጩ።

ባለ_ረጅም_ኪል፦
እሱ በቤንዚን ነው የሚሠራው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከማስነሳትህ በፊት ማራገቢያውን ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠራ፣ ከዚያ አሽትት። ልጆቹ ይህ ሳያልቅ አይሳፈሩ።