የቢአርሲኤ ውጤት «ምንም የለም» ካለና ካንሰሩ በቤተሰቡ ከደጋገመ፣ ሜቲሌሽን ይመርመር?

ጥያቄ
እናት በ41፣ የእናት እህት በ38 ዓመታቸው የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ የአክስትየዋ ትሪፕል ኔጋቲቭ (የኢስትሮጅን፣ የፕሮጄስትሮንና የኸር2 ተቀባዮች የሌሉበት ዓይነት) ነው። የ27 ዓመቷ ልጅ ደም ሰጥታ፣ ሲበላሹ የጡት ካንሰር ስጋትን በሚያሳድጉት ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 በተባሉት ዘረመሎች ላይ «ሚውቴሽን አልተገኘም» ተባለች። ዘረመሉ ሳይበላሽ በሜቲሌሽን (ፊደሉን ሳይቀይር ዘረመሉን በሚዘጋ ኬሚካላዊ ምልክት) ብቻ ተዘግቶ ከእናት ሊወርድ ይችላል? የትኛውስ ምርመራ ያየዋል?

የዘረመል አማካሪ
ሜቲሌሽን ጋ ከመድረሳችን በፊት፦ የተመረመረችው የታመመችዋ አይደለችም። ሚውቴሽኑ ያለባት እናት ለእያንዳንዱ ልጇ የምታስተላልፍበት ዕድል 50 በመቶ ነው። ስለዚህ ልጅየዋ ወይ አልወረሰችም፣ ወይ የቤተሰቡ ችግር ሌላ ቦታ ነው፤ ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም። እናትየዋ ትመርመር። እሷ ላይ ተገኝቶ ልጅየዋ ላይ ሲታጣ ነው «ነጻ» ማለት የሚቻለው። ስጋቱን የሚያሳድጉ ሌሎች ዘረመሎች፣ ፓልቢ2፣ ቲፒ53፣ ቼክ2 እና ኤቲኤም አብረው ይታዩ፤ የዘረመሉ ትልቅ ክፍል መጥፋቱን ወይም መደገሙን የሚያይ ምርመራ መካተቱንም ጠይቁ።

እስራኤል ለሚኖር፦ ሦስቱን የአሽከናዚ (የአውሮፓ ዝርያ አይሁድ) ሚውቴሽኖች ብቻ የሚፈልግ ምርመራ ለቤተ እስራኤል ተወላጅ አይበቃም። ሙሉ ዘረመሉ ይነበብ።

የላብ ሰው
ወደ ሜቲሌሽኑ ልምጣ። አብዛኛው ምልክት እንቁላልና የወንድ ዘር ሲሠሩ፣ ከዚያም ጽንስ ሲጀመር ዳግም ይጠረጋል። በትውልድ ሲከታተል ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ምልክቱን የሚያስለጥፍ የፊደል ለውጥ አለ። በ2018 ከማንቸስተር የወጣው ጥናት ምሳሌ ነው፦ የተለመደው ምርመራ ምንም ካላገኘባቸው 49 ቤተሰቦች በ2ቱ፣ ቢአርሲኤ1 ላይ ፕሮቲኑ ከሚጀምርበት በፊት ባለው ክፍል፣ −107 በሚባለው ቦታ፣ ኤ የሚባለው የዲኤንኤ ፊደል በቲ ተተክቶ ያ ቅጂ በሜቲሌሽን ተዘግቷል። የተለመደው ፓነል (ብዙ ዘረመሎችን በአንድ ላይ የሚያነበው ምርመራ) በዋናነት ፕሮቲን የሚጽፈውን ክፍልና ዳር ዳሩን ስለሚያነብ ያልፈዋል። ላቡን «ፕሮሞተሩን (የዘረመሉን ማብሪያ ማጥፊያ) እና ፕሮቲኑ ከሚጀምርበት በፊት ያለውን መነሻ ታነባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላም ዓይነት ሜቲሌሽን አለ፦ በጥቂት ሴሎች ላይ ብቻ የሚታይ፣ በፅንስ መጀመሪያ ላይ የሚፈጠር። ይህም ለትሪፕል ኔጋቲቭ ያለውን ስጋት ከእጥፍ በላይ እንደሚያሳድግ በ2022 ታይቷል፤ ግን ከወላጅ የወረደ አይደለም።

ሁለት ማሳሳቻዎች አሉ። ዕጢው ላይ የተገኘ ሜቲሌሽን በዘር የወረደ መሆኑን አያሳይም፤ ደም ላይም መታየት አለበት። ሜቲሌሽንን ለማየት ቢሰልፋይት (ምልክት የሌለውን ሲ የተባለ ፊደል የሚቀይር ኬሚካል) ሲደረግ ምልክት የሌለው ሲ ሁሉ ካልተቀየረ ደግሞ ምልክት ያለው ይመስላል፤ ሜቲሌሽን እንደሌለው የሚታወቅ መቆጣጠሪያ ናሙና አብሮ ካልሮጠ ውጤቱን አልቀበልም።

ጥያቄ
የአክስትየዋ የፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠ የዕጢ ናሙና) ብቻ ቢቀርስ?

የዘረመል አማካሪ
ናሙናው የሚቆይበት ኬሚካል፣ ፎርማሊን፣ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል፣ የዕጢውም ሚውቴሽኖች ይቀላቀሉበታል። የእናት ደም እያለ ወደዚያ አትሂዱ። ክትትሉ ግን ውጤት አይጠብቅም፦ የቤተሰቡ ታሪክ ተሰልቶ የዕድሜ ልክ ስጋቱ 20 በመቶ ከደረሰ፣ በአሜሪካ መመሪያ ኤምአርአይ ካንሰሩ በቤተሰቡ ከተገኘበት ትንሹ ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ይጀመራል። ለዚህች ልጅ ከ28 ጀምሮ ማለት ነው፤ ማሞግራሙ ከ30።